ዛፉ እዚህ ይቀራል

ማርች 9፣ እሑድ

ወንድሜ ሩፐርት ዛሬ ለኤፕሪሉ ምርጫ የ«ወገናችን» ፓርቲ የክፍለ ሀገሩ መሪ ሆኖ ተመረጠ። ያየሁት በቴሌቪዥን ነው፤ ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ስለነበር በአንድ እጄ ድራፍት እየቀዳሁ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ፣ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት ገና የወተት ጥርሱን እየቀየረ ነበር። አፍንጫውን የጠረግኩለት፣ ትምህርት ቤት ያደረስኩት፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ሽርጥ አስሬ ድራፍት ማዞር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ክራባቱ ጠሞ ነበር። መቼም አይለምደውም።

ባሌ ኤንግልበርት ፎቶውን ከአዳራሹ በር ላይ ለጠፈው። ከሥሩ «መጀመሪያ የእኛ ሰው» ይላል። ይሄ እኮ የሚበላበት ቤት ነው ስለው፣ «ወንድምሽ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ነው። ወደ ድራፍቴ ተመለስኩ።

ሐይሰም ጭብጨባው ሲጀምር ድንች ላምጣ ብሎ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ከሶሪያ የመጣ ነው፤ ከሌሎች ጥገኝነት ጠያቂዎች ጋር አሮጌው ትምህርት ቤት ውስጥ ይኖራል፤ ወጥ ቤቴ ውስጥ መሥራት ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። ድንች ቅርጫት ሙሉ ነበረን። ምናልባት ለነገ አስቦ ይሆናል።

ማርች 21፣ ዓርብ

ሩጫ ብቻ። የቀብር ምሳ፣ ከዚያ የአዳኞች ማኅበር እራት። የአሳማ ጥብሱ አነሰ። እግሬ አብጧል።

ሩፐርት ደውሎ ነበር፣ ላነሣው አልቻልኩም። መልሼ ስደውል አንዲት ልጅ አነሣችና «ለክቡር ሩፐርት አሻወር ማን ፈለገዎት ልበላቸው?» አለችኝ። እህቱ በያቸው አልኳት። እስካሁን አልደወለም።

ከአዳኞቹ አንዱ፣ «የቡርጊ ወንድም ሲያሸንፍ ያን ሶሪያዊ ሽንኩርት ላጯን ማን ይተካላት ይሆን?» ሲል ሰማሁ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳህን እያነሣሁ ፈገግ አልኩ መሰለኝ። ምን አስፈገገኝ?

ማርች 30፣ እሑድ

ጋዜጣው ወገናችን ሁለተኛ ሊወጣ ይችላል ይላል፤ አንዳንዱ አንደኛም ይላል። የሩፐርት ፎቶ ከዳቦ መጋገሪያው ጀምሮ እስከ ባቡር ጣቢያው በየምሰሶው ላይ አለ። በየሄድኩበት ወንድሜ ያየኛል። ደብዳቤ አመላላሹ ዛሬ «እህትየው ደግሞ አሁን ትኮራብናለቻ» አለኝ። የምኮራ መስዬ ታየሁት እንግዲህ።

ሩፐርት ክፉ ልጅ አልነበረም። ይሄን መጻፍ ለምን እንዳስፈለገኝ አላውቅም። ማንም ክፉ ነው አላለኝም።

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

የሜይ ዛፋችን ከጫካ መጣ። ኤንግልበርት የዛፍ ተካዮች ማኅበር ሊቀ መንበር ስለሆነ ከትራክተሩ ፊት ፊት ሲሄድ ሙሽራ የሚያመጣ ሽማግሌ ነበር የሚመስለው። ቀጥ ያለ ጥድ ነው፤ ቅርፊቱ ተልጦ ነጭ ሆኗል። ከምግብ ቤታችን ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ በእንጨት እግሮች ላይ አጋድመውታል። ሜይ አንድ ቀን ለበዓሉ እንደ ዓምድ እስኪቆም ድረስ ይጌጣል፣ ይጠበቃልም። ጎረቤት መንደር ይሰርቀዋላ።

ሐይሰም ነገሩ አልገባውም። «ዛፉን ምን ያደርጉበታል?» አለ። ምንም አያደርጉበትም፤ ደብቀው ያስቀምጡና ያሾፉብናል። እኛ ደግሞ ድራፍትና ጥብስ ይዘን ሄደን፣ እየተሰደብን አብልተን እናስፈታዋለን። የቀረውን ያስረዳችው እማማ ፖልዲ ናት፤ ከምድጃው አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ የእሷ ናት፣ ሌላ ሰው አይቀመጥባትም።

«ሌባው ሲመጣ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እጁን ግንዱ ላይ አሳርፎ ‹ዛፉ እዚህ ይቀራል› ካለ አበቃ» አለችው። «ባርኔጣቸውን አንሥተው ወደመጡበት ይሄዳሉ።»

«ፖሊስስ?»

«ለሜይ ዛፍ ፖሊስ የሚጠራ ሰው» አለች እማማ ፖልዲ፣ «እናቱንም ሾርባ ቀነሰችብኝ ብሎ ይከሳል።»

ሐይሰም ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ኋላ ላይ፣ ሽንኩርቱን ሲጨርስ፣ ኤንግልበርት እሱንም የጥበቃ ተራ ያስገባው እንደሆነ እንድጠይቅለት ለመነኝ። ጠየቅኩት። ኤንግልበርት ክፉ ሰው አይደለም። «ይሄ እኮ የእኛ ነገር ነው፣ ቡርጊ» ነው ያለኝ። ለሐይሰም ሰው ሞልቷል አልኩት።

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ

ዛፋችን ተሰረቀ። በጠራራ ፀሐይ።

ሩፐርት ከምሳ በኋላ አዳራሻችን ውስጥ ንግግር ነበረው። መንደሩ ሁሉ ገባ። ጠባቂዎቹም «ለትንሽ ጊዜ ብቻ» እያሉ አንድ በአንድ ገቡ። ድምፁ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል። «አባቶቹ ያቆሙትን የማይጠብቅ ሕዝብ፣ አንድ ቀን ሲነቃ ባዶ አደባባይ ይጠብቀዋል!» አለ። ሰዉ ወለሉን በእግሩ እየደበደበ አጨበጨበለት። ከዚያ ሲወጡ አደባባዩ ባዶ ነበር።

እማማ ፖልዲ እስክትታነቅ ሳቀች። «ይሄ ልጅ ነቢይ ነው» አለች። ሩፐርት ሰማት። ጆሮው ቀላ፤ ልጅ ሆኖም ሲያፍር ጆሮው ነበር የሚቀላው።

እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ሾርባው ሊገነፍል ስለነበር ዓይኔን ከእሱ መንቀል አልቻልኩም። መስኮቱም በእንፋሎት ተሸፍኖ ነበር።

ኤፕሪል 14፣ ሰኞ

ትናንት ሁሉም ነገር በወጉ ነበር። የጎረቤት መንደር የኦበርኤድ ሰዎች እንደወሰዱት ሕፃን ያውቃል። ኤንግልበርት ሄዶ የእነሱን ማኅበር መሪ ፊቱስን ቢጠይቀው፣ ፊቱስ ዓይኑን ሳያሽ «የምን ዛፍ?» አለው። ወጉ እንደዚያ ነው፤ ጥቂት ቀን ያንከራትቱሃል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠሩብሃል። ኤንግልበርት አፍሮም እየሳቀም ተመለሰ።

ዛሬ ግን ፖሊስ መጣ። የጠራው ሩፐርት ነው። ከፖሊሱ ኋላ ቴሌቪዥኑ። «እሱ አገር እጠብቃለሁ ሲል ዛፍ ተሰረቀበት» እያሉ ጋዜጦቹ ሊስቁበት ነበርና ቀደማቸው። ባዶዎቹ የእንጨት እግሮች አጠገብ ቆሞ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም አለ፤ በእንግድነት የተቀበልናቸው ሰዎች ማገዶ ቤት ለአደባባያችን ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ እዩ አለ። ጣቱን ወደ አሮጌው ትምህርት ቤት ቀሰረ።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ፖሊሶቹ ማገዶ ቤቱን ፈትሸው የመጋዝ ብናኝ አገኙ። ማገዶ ቤት ውስጥ ሌላ ምን ሊያገኙ ኖሯል?

ሐይሰምን ቅዳሜ የት እንደነበረ ጠየቁት። እኔንም ጠየቁኝ። ከእኔ ጋር ነበር፣ የክኖድል ሊጥ እያድቦለቦልን ነበር፣ የሁለታችንም እጅ ሊጥ ውስጥ ነበር አልኳቸው። ጻፉት። ማታ ቴሌቪዥኑ ስለ ብናኙ አወራ፤ ስለ ሊጡ አላወራም።

እማማ ፖልዲ ሻይዋን እያማሰለች፣ «የአንቺ ወጥ ቤት መስኮት ወደ አደባባዩ አይደል የሚያየው?» አለችኝ። ሥራ አለብኝ አልኳት።

ኤፕሪል 18፣ ዓርብ

ሐይሰም አልመጣም። ትናንትም አልመጣም። ብቻዬን ነው የምሠራው።

የአሮጌው ትምህርት ቤት መስኮት በድንጋይ ተሰብሯል። ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል ነው። ማንም አልተጎዳም ይላሉ። ኤንግልበርት «የሰከሩ ልጆች ናቸው» አለ፣ ሳያየኝ።

ማታ የጨመርኩት፦ ኤንግልበርት ከምሳ በኋላ ወጥቶ ቆየ። የት ነበርክ ስለው እዚሁ አለኝ። እማማ ፖልዲ ነች የነገረችኝ፤ ከአናጢ ቤቱ መስታወት ቆርጦ፣ ሄዶ ገጥሞላቸው፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ተመልሷል። የፓርቲው ምልክት አሁንም ኮቱ ላይ ነው። ምንም እንዳልሰማ ሆኜ ከእራቱ ትልቁን ቁራጭ ለእሱ አደረግኩ።

ኤፕሪል 21፣ ሰኞ

ሩፐርት መጣ። ብቻውን፣ በጓሮ በር፣ እንደ ድሮው። ሾፌሩን ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አቁሞታል። ከስቷል። ክኖድል በሾርባ ሰጠሁት፤ የመጀመሪያውን ሳያላምጥ ነው የዋጠው።

«እትዬ፣ እንዳንቺ ክኖድል የሚሠራ የለም» አለኝ። በዓለም ላይ እትዬ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐይሰም የሠራው ነው፣ ከማቀዝቀዣ ነው ያወጣሁት አልኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ዛፉን የወሰዱት ኦበርኤዶች ናቸው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

እንዲሁ በቀላሉ። እኔ ለመናገር ስንት ቀን ጉሮሮዬ ላይ የያዝኩትን።

«ታዲያ ምን እየሠራህ ነው ሩፐርት?»

«እትዬ፣ ሰዉ አገሩ ከእጁ እያመለጠው እንደሆነ ይሰማዋል። ማን ወሰደው አይደለም ቁም ነገሩ። ስሜቱ እውነት ነው።»

«በመስኮቱ የገባውም ድንጋይ እውነት ነው።»

«ድንጋይ ወርውሩ ያልኩት ሰው የለም።»

«ወዴት እንደሚወረወር ግን በጣትህ አሳየሃቸው።»

ጆሮው ቀላ። ከዚያ እስከ እሑዱ ምርጫ ብቻ ዝም እንድልለት ለመነኝ። ከምርጫው በኋላ ዛፉ ይገኛል፣ ሰዉም ይረሳዋል፣ ለሐይሰምም አንድ ነገር ያደርግለታል፣ ወረቀቱን ያፋጥንለታል። «አንቺ እኮ ለእኔ እናቴም ነሽ» አለኝ። ሲወጣ ኮሌታውን አስተካከልኩለት። እሺ አልኩት መሰለኝ። ወይም ዝም ስል እሱ እሺ ብላለች ብሎ ወስዶታል።

እንግዲህ እዚህ እንኳ ልጻፈው።

ያን ቅዳሜ እሳት ላይ ምንም አልነበረም። ሾርባውም ክኖድሉም ቀደም ብሎ ደርሶ ነበር። መስኮቱም ጥርት ያለ ነበር። ፊቱስና ሰዎቹ ግንዱን ትከሻቸው ላይ ሲያወጡ አይቻለሁ። ሐይሰምም አየ። ሽርጡን እየፈታ «ወይዘሮ ቡርጊ፣ ሮጬ እጄን ላሳርፍ?» አለኝ። እኔስ ምን አልኩት? «ተወው፣ ይሄ የእኛ ነገር ነው።» በኤንግልበርት ቃል፣ በኤንግልበርት ድምፅ። ከአዳራሹ ሩፐርት ስለ አባቶቻችን ሲጮህ ይሰማ ነበር። እጄን አጣጥፌ ዛፉ ሲሄድ አየሁት። ደስም አለኝ። ወንድሜ በገዛ መንደሩ ፊት ሲዋረድ ለማየት ቸኩዬ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የዘራሁትን ሐይሰም አጨደው። ፖሊሶቹ ሲያፋጥጡት አየች ብሎ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ኤፕሪል 24፣ ሐሙስ

እማማ ፖልዲ የእህቷ ልጅ ኦበርኤድ ነው ያገባችው። እማማ ወሬውን ከእሷ ይዛ እየተንደረደረች መጣች፣ በዚያ ጉልበቷ። ፊቱስ «ፖሊስ ከገባበት እኛ የለንበትም» ብሏል። የሌብነት ክስ ይመጣብናል ብለው ፈርተዋል። ቅዳሜ ጠዋት ግንዱን መጋዝ ቤት ወስደው ሊከትፉት ነው።

ከተከተፈ ማን ምን ያረጋግጣል? ኦበርኤድ አያወራም። ሩፐርት አያወራም። ሐይሰም የመንደራችንን የሃስልባህን ዛፍ ማገዶ ያደረገ ሰው ሆኖ ይቀራል፤ የጥገኝነት ጉዳዩም ገና አልተወሰነም።

ነገ አዳራሻችን ውስጥ የሩፐርት የመዝጊያ ስብሰባ ነው። ካሜራው ይመጣል። እሑድ ምርጫ ነው።

ወንድሜ ነው። ሌላ ወንድም የለኝም።

ኤፕሪል 25፣ ዓርብ

ተናገርኩ።

ሩፐርት ስለ ዛፉ መናገር እስኪጀምር ጠበቅኩ። ምናልባት ይተወው ይሆናል ብዬ ነበር። አልተወውም። ያኔ ትሪውን የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ብርጭቆዎቹ ሲንኳኩ ሰዉ ዞረ።

«ሩፐርት፣ ዛፉ ያለው ኦበርኤድ ነው» አልኩ። «ሲወስዱት ከመስኮቴ አይቻለሁ። ሮጬ እጄን ማሳረፍ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ አላሳረፍኩም። ሐይሰም ሊሮጥ ሲል የከለከልኩትም እኔ ነኝ።»

አንተም ታውቃለህ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። ያን ያህል አልቻልኩም። ግን እሱ ምንም ያልደነገጠ መሆኑን ሰዉ አየ፤ አዲስ ነገር የሰማ ሰው ፊት አልነበረም ፊቱ።

ከኋላ አንዱ «አንቺ ከማን ጋር ነሽ?» አለ። ሌላው ከዚያ የባሰ ነገር አለ፣ አልጽፈውም። ኤንግልበርት የፊተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ከእንግዲህ አያናግረኝም ብዬ አሰብኩ፤ ጠባቂዎቹን ወደ አዳራሹ ሲገቡ ያየ፣ ዛፉን የተረከበ እሱ ነው፣ ውርደቱ የእሱ ነው። ግንባሩን ሲያሻሽ ቆየ።

«ፖሊስ» አለ ለራሱ እንደሚያወራ። «ለሜይ ዛፍ ፖሊስ ጠራን።» ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰዉ ዞረ። «ታዲያ ምን ተቀምጣችሁ ታያላችሁ? በርሜል አውጡና ሄደን እናስፈታው እንጂ!»

መጀመሪያ የሳቀችው እማማ ፖልዲ ናት። ቀጥሎ የቧንቧ ሠራተኛው ሳቀ። ከዚያ ወንበር መንኳኳት ጀመረ። ግማሹ ለነገ ጠዋት ሊዘጋጅ ወጣ፣ ግማሹ ቀረ። ሩፐርት ለቀሩት ንግግሩን ቀጠለ፤ በአጠገቡ ሳልፍ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። ኤንግልበርት የኮቱን ምልክት አውልቆ ኪሱ ሲከት አይቻለሁ። አልጣለውም፣ ኪሱ ነው የከተተው። እሱም ይሁን።

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ

ማለዳ ወደ ኦበርኤድ ከመሄዳችን በፊት አሮጌው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስንት ጊዜ ሳህን ልኬበታለሁ፣ ራሴ ገብቼበት ግን አላውቅም። ሐይሰም በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠኝ። ይቅርታ መጠየቅ አልችልበትም፤ ሳላስበው ስለ ጥብሱ፣ ስለ በርሜሉ፣ ስለ ድንቹ ቀባጠርኩ። በመጨረሻ ተውኩትና «ይሄ የእኛ ነገር ነው ብዬህ ነበር። ልክ አልነበርኩም» አልኩት።

«እኔ ለፖሊሱ ሾርባ ነበር እሳት ላይ ያለው አልኩት» አለኝ። «እርስዎ ደግሞ ክኖድል አሉት። ቃላችን እንኳ አልገጠመም፤ ሁለታችንም ለሌብነት አንሆንም።» ከዚያ ጃኬቱን ለበሰ። በመንገድ ላይ ሕፃናቱ ከድንጋዩ በኋላ ሌሊት እንደሚባንኑ ነገረኝ። አልቀለደም ያኔ።

ኦበርኤድ ስንደርስ ፊቱስ እጁን አጣጥፎ ጠበቀን። ግንዱ ከእህል ጎተራው ውስጥ ነበር፤ መጋዙ ተስሎ አጠገቡ ተቀምጧል። ኤንግልበርት ባርኔጣውን አውልቆ ስለ ፖሊሱ ይቅርታ ጠየቀ፣ መላው ኦበርኤድ ፊት፣ ኤንግልበርት እንኳንስ ለኦበርኤድ ለእኔም ይቅርታ የማይጠይቀው። ከዚያ በኋላ ስድቡ ጀመረ፣ ያኔ ነገሩ እንደበረደ አወቅኩ። ዓይነ ስውር ጠባቂም ከእናንተ ይሻላል አሉን። መቃብራችሁንም እንቆልፍላችሁ አሉን። እንደ ማር ነው የጠጣሁት።

ፊቱስ ዋጋውን ጠራ፦ ድራፍት፣ ጥብስ፣ እና ፖሊስ የጠራው ሰው ሽርጥ አስሮ ኦበርኤድን ያስተናግድ። ሩፐርት እንደማይመጣ ሁሉም ያውቃል። እኔ ነኝ የታጠቅኩት፤ የእሱን የድሮውን ሽርጥ፣ ከቤት ይዤው ወጥቼ ነበር።

«አንቺ የተቀጣሽው ላላሳረፍሽው እጅሽ ነው» አለኝ ፊቱስ፣ ብርጭቆውን እየተቀበለኝ። «ለፖሊስ የደወለበት ቅጣት ወንድምሽን ይጠብቀዋል። አይሻርም፣ አይወረስም።»

ዛፉን እየዘፈንን አመጣነው። ሐይሰም ከጫፉ በኩል፣ ከጌጡ አክሊል ሥር ያዘ። ማንም ያዝ አላለውም፣ ማንም ልቀቅ አላለውም።

ኤፕሪል 27፣ እሑድ

ምርጫ። ሃስልባህ በሙሉ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደ። ጠባቂዎቹም ሄዱ፤ ይኸውላችሁ ሰው አይማርም። ከቤታችን መምረጥ የማይችለው ሐይሰም ብቻ ስለሆነ ወጥ ቤት ቀረ። ለማን እንደመረጥኩ እዚህም አልጽፍም።

ስንመለስ ከሩቅ አየናቸው። የሮትሞስ መንደር ጎረምሶች ናቸው፣ ከነትራክተራቸው፣ ዛፉን ከበው ቆመዋል። መሃላቸው ሐይሰም። እጁ እስከ ክንዱ ሊጥ ነው፤ መዳፉን ግንዱ ላይ ለጥፎ ቆሟል፣ ነጭ አሻራው ገና እዚያ አለ። ልጆቹ ይሄ የመንደሩ ሰው አይደለም፣ አይቆጠርም እያሉ ይከራከሩታል። ሐይሰም አንድ ነገር ብቻ ይመልሳል፣ በእኛው አነጋገር፣ እማማ ፖልዲ እንዳስተማረችው፦ «ዛፉ እዚህ ይቀራል።» ሲደጋግመው የቆየ ይመስላል፣ ድምፁ ሻክሯል።

ኤንግልበርት ሮጦ ደረሰ፤ በዕድሜው ሲሮጥ ካየሁት ቆይቷል። ትንፋሹ እስኪመለስ ጉልበቱን ያዘ።

«ደንቡ እጅ ነው የሚለው» አላቸው። «የማን እጅ አይልም።»

ልጆቹ ተያዩ። ትልቁ መጀመሪያ ባርኔጣውን አነሣ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ወጉ ስለሆነ ድራፍት ቀዳሁላቸው። ኤንግልበርት የሐይሰምን ትከሻ መታ መታ አደረገና የማታውን የጥበቃ ተራ ከእሱ ጋር አድርጎ ሰጠው። እኔ ምድር ቤት ወረድኩ። ድንች አያስፈልገንም ነበር፤ ላልቅስ ብዬ ነው።

ማታ ውጤቱ መጣ። ወገናችን በክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ወጣ፣ ሩፐርት በቴሌቪዥን እጁን ያውለበልባል፣ ክራባቱ ቀጥ ብሏል፤ የሚያስተካክልለት ሰው አግኝቷል። የእኛ መንደር ውጤት ግን ካሰቡት በታች ነው፣ በጣም በታች። ኤንግልበርት ቴሌቪዥኑን አጠፋውና ወደ ዛፉ ወጣ። የአዳራሹ በር ላይ የነበረው ፎቶ የለም። ማን እንዳነሣው አልጠየቅኩም።

ሜይ 1፣ ሐሙስ

ዛፉ ቆመ። በክንድ፣ በረጃጅም ምርኩዝ፣ እንደ ወጉ። ከእኛ ልጆች ጥቂቶቹ ተቀይመው ስላልመጡ ሰው አንሶን ነበር፤ ኦበርኤዶች ገቡበት፣ ከአሮጌው ትምህርት ቤት የመጡትም ገቡበት። ኤንግልበርት «ወደ ላይ!» ሲል እማማ ፖልዲ እንኳ ከወንበሯ ተነሣች፣ በዓይኗ ልትገፋ። ከዚያ ሙዚቃው ጀመረ።

ሳህን እያጠብኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሩፐርት ነው። ስልኩን የምታነሣለት ልጅ ሳትሆን ራሱ።

«ቆመ?» አለኝ። ሰላምታም የለ።

«ቆሟል።»

«ቀጥ ብሎ?»

«ወደ ኦበርኤድ ትንሽ አዘንብሏል ይላሉ። ለእኔ አይታየኝም።»

«እሑድ የሮትሞስ ልጆች መጥተው ነበር አሉ» አለኝ።

«መጥተው ነበር።»

«ማን ነበር ዛፉ ጋ?»

እንደሰማ ከድምፁ አወቅኩ። ከእኔ አፍ እንዲሆን ነው የፈለገው።

«ሐይሰም።»

«ምን አለ?»

«ምን ይላል። ዛፉ እዚህ ይቀራል አለ።»

«ለቀቁ?»

«ለቀቁ።»

ሲተነፍስ ይሰማኛል። ልጅ ሆኖ አልቅሶ ሲያበቃ እንዲህ ነበር የሚተነፍሰው። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ሳህኔን አጠብኩ። በመጨረሻ፣ «ፊቱስ የእኔን ቅጣት አልሻረውም አሉ» አለኝ።

«አልሻረውም። ሽርጥህን አጥቤዋለሁ። የጓሮው በር ጋ፣ ሚስማሩ ላይ ነው።»

እሺም እንቢም አላለም። ስልኩን ግን አልዘጋውም። ሙዚቃው በደንብ እንዲሰማው መስኮቱን ከፈትኩለት።